አሮጌ ስልካችሁ ላይ ላይነጅ ኦኤስ እንዴት ይጫናል? ከቡትሎደር መክፈት ጀምሮ

ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣልኛል። "ስልኬ ስክሪኑም ባትሪውም ደህና ነው። ግን አፕዴት ካቆመ ቆየ። አንዳንዱ አፕ ጭራሽ አልጫን ብሏል። ምን ላድርግ?" እዚህ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ያሉ ተማሪዎች ይጠይቁኛል። ፒያሳ ስልክ የሚጠግኑ ልጆችም ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዱ ሰው በቴሌግራም ቁርጥራጭ መልስ ከመላክ አንድ ጊዜ በደንብ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

አጭሩ መልስ ይኸውላችሁ። የስልካችሁ ቡትሎደር የሚከፈት ከሆነ ላይነጅ ኦኤስ የሚባለውን ክፍት ምንጭ አንድሮይድ ትጭኑበታላችሁ። የማይከፈት ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ፤ ቡትሎደር ሳይነካ የሚሠራውን መንገድ ከታች ጽፌላችኋለሁ።

ለምሳሌ የምጠቀመው ጉግል ፒክስል 3ኤን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ስልክ ነው። ከ2022 በኋላ ከጉግል የደኅንነት እድሳት አያገኝም። ከውጭ በዘመድ እጅ የሚመጣ ስለሆነ ጎንደር ውስጥ ብዙ ሰው እጅ ላይ አያለሁ። ሌላ ስልክ ካላችሁ አካሄዱ ተመሳሳይ ነው፤ ዝርዝሩ ግን ይለያያል። ስለዚህ የራሳችሁን ስልክ ገጽ ላይነጅ ኦኤስ ዊኪ (የሠሪዎቹ የመመሪያ ድረ ገጽ) ላይ ከፍታችሁ ጎን ለጎን አንብቡ።

ስለ ትእዛዞቹ አንድ ነገር ልበል። እዚህ የጻፍኳቸው በድምፃቸው ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ከዊኪው ገጽ ኮፒ አድርጓቸው። አንዲት ክፍተት ወይም ሰረዝ ከተሳሳተች ትእዛዙ አይሠራም።

መጀመሪያ ቁልፎቹን እንለይ

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። "ስልኬ ክፍት ነው" ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው የሲም ቁልፍ ነው። ስልኩ የአንድ አገር ኔትወርክ ሲም ብቻ እንዲቀበል የሚያደርገው ነው። ሱቅ ውስጥ "ዲኮድ ይደረግልኝ" የምንለው ይህን ነው።

ሁለተኛው የጉግል አካውንት ቁልፍ ነው። ስልኩ አካውንቱ ሳይወጣ ከተጠረገ የድሮውን አካውንት ፓስወርድ ይጠይቃል። ለሌባ መከላከያ የተሠራ ነው። የዚህን ማለፊያ አትጠይቁኝ። ባለቤቱ ራሱ አካውንቱን ያውጣ።

ሦስተኛው የቡትሎደር ቁልፍ ነው። ቡትሎደር ማለት ስልኩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳውና ሲስተሙን የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሲቆለፍ አምራቹ ያልፈረመበትን ሲስተም አያስነሳም። ይህ መመሪያ ስለዚህ ሦስተኛው ቁልፍ ብቻ ነው።

ልዩነቱ ለምን አስፈለገ? ከአሜሪካ የመጣ ፒክስል የእኛን ሲም አሳምሮ ሊቀበል ይችላል። በቬራይዘን በኩል የተሸጠ ከሆነ ግን ቡትሎደሩ አይከፈትም። ሲሙ ስለሠራላችሁ ብቻ "ክፍት ነው" ብላችሁ አትግዙ። አዝማሪዎቹ ሠፈር አጠገብ የሚኖር አንድ ወዳጄ በዚህ ምክንያት ለዚሁ ብሎ የገዛውን ስልክ መልሶ ሸጦታል።

የሌሎቹን ብራንዶች ነገር በአጭሩ ልንገራችሁ። ለአሜሪካና ለካናዳ ገበያ የተሠሩ ስናፕድራገን ያላቸው የቅርብ ዓመታት ሳምሰንጎች ቡትሎደራቸው አይከፈትም። የሚከፈቱት ሳምሰንጎች ደግሞ ተከፍተው ሌላ ሲስተም ሲጫንባቸው ኖክስ የሚባለው የሳምሰንግ የደኅንነት ፊውዝ ይቃጠላል። ይህ አይመለስም፤ ሴኪዩር ፎልደር የሚባለው የተቆለፈ ማስቀመጫም ከዚያ በኋላ አይሠራም። ሻኦሚ በኤምአይ አካውንት አስመዝግቦ ብዙውን ጊዜ 7 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ያስጠብቃል። ሁዋዌ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የመክፈቻ ኮድ መስጠት አቁሟል። እዚህ በብዛት የምንይዛቸው ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ስልኮች ደግሞ አብዛኞቹ ላይነጅ ኦኤስ ዊኪ ላይ ገጽ የላቸውም። ገጽ ከሌለው አትሞክሩት። "ለዚህ ስልክ ይሠራል" ተብሎ ከማይታወቅ ቻናል የወረደ ፋይል ስልክ ይገድላል፤ ከዚህ የባሰው ደግሞ ሰላይ ፕሮግራም ሊይዝ ይችላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ስልኩ፣ ባትሪው ቢያንስ ግማሽ የተሞላ። እኔ ሳልሞላው አልጀምርም።
- ላፕቶፕ፣ ዊንዶውስ ወይም ኡቡንቱ ያለው። ባትሪው የሚሠራና የተሞላ ይሁን። ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አትጀምሩ፤ መብራት መሃል ላይ ሊሄድ ይችላል።
- ዳታ የሚያስተላልፍ የዩኤስቢ ገመድ። ገበያ ላይ ያሉት ርካሽ ገመዶች ብዙዎቹ ቻርጅ ብቻ ያደርጋሉ። መለየት ቀላል ነው፤ ስልኩን ከላፕቶፑ ጋር አገናኙና ፎቶዎቹ ላፕቶፑ ላይ ይታዩ እንደሆነ እዩ።
- ፕላትፎርም ቱልስ የሚባለው የጉግል ጥቅል። ከላፕቶፑ ለስልኩ ትእዛዝ የሚልኩት ኤዲቢና ፋስትቡት የሚባሉት ሁለት ፕሮግራሞች ውስጡ አሉ።
- ለዊንዶውስ፣ የጉግል ዩኤስቢ ድራይቨር።
- ለስልካችሁ የተሠራው የላይነጅ ኦኤስ ዚፕ ፋይልና የሪከቨሪው ፋይል (ሪከቨሪ ምን እንደሆነ ደረጃ 8 ላይ አለ)። ለፒክስል 3ኤ ሪከቨሪው "ቡት" በሚለው ፋይል ውስጥ ነው።
- የጉግል አፖች ከፈለጋችሁ ማይንድ ዘ ጋፕስ የሚባለው ጥቅል። የአንድሮይድ ቁጥሩ ከላይነጅ ኦኤሱ ጋር የሚገጥመው ይሁን።
- የስልኩ የራሱ የፋብሪካ ሲስተም። ለፒክስል ጉግል በነፃ ያስቀምጠዋል። ነገሩ ከተበላሸ መመለሻችን እሱ ነው።

ሁሉም ፋይል ተደምሮ ጥቂት ጊጋባይት ይሆናል። የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ ቀድማችሁ አውርዱት። ሥራው ተጀምሮ መሃል ላይ ፋይል ፍለጋ ኢንተርኔት ሲጠበቅ ነው ሰው ተጣድፎ የሚሳሳተው።

ማስጠንቀቂያ፣ ከመጀመራችሁ በፊት

ቡትሎደር ሲከፈት ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ስልክ የሰረቀ ሰው ቡትሎደሩን ከፍቶ ፎቶና መልእክታችሁን እንዳያወጣ ነው። አንዲት ልጅ የጥምቀትን ፎቶዎች በሙሉ፣ ከፋሲል መዋኛ ያነሳቻቸውን ጨምሮ፣ በዚህ አጥታለች። "ሜሞሪ ካርድ ላይ ናቸው" ብላ ነበር፤ ስልኳ ውስጥ ነበሩ። ፒክስል 3ኤ ደግሞ ጭራሽ የሜሞሪ ካርድ ቦታ የለውም።

ሁለተኛ፣ የባንክና የገንዘብ ማስተላለፊያ አፖች። አንዳንዶቹ ቡትሎደሩ የተከፈተ ስልክ ላይ አልሠራም ይላሉ። ጉግል ለአፕ ሠሪዎች ይህን የሚያጣሩበት መንገድ ሰጥቷቸዋል፤ መጠቀም አለመጠቀም የእነሱ ምርጫ ነው። ሱቃችሁ የሚንቀሳቀሰው በዚያ ስልክ ከሆነ ይህን ሥራ ሌላ ትርፍ ስልክ ላይ ሥሩት። ይህን የምለው ከልቤ ነው።

ሦስተኛ፣ ቡትሎደሩ ክፍት የሆነ ስልክ እጁ የገባ ሰው ሲስተሙን ሊቀይርበት ይችላል። ስለዚህ ጠንከር ያለ ፒን አድርጉ፤ ስልኩንም የትም አትጣሉት።

ደረጃዎቹ

1. የስልኩን ትክክለኛ ስም አረጋግጡ። ቅንብሮች ውስጥ "ስለ ስልኩ" የሚለውን ክፈቱና ሞዴሉን ጻፉት። እያንዳንዱ ስልክ በሠሪዎቹ ዘንድ የሚታወቅበት ሌላ ስም አለው። ፒክስል 3ኤ "ሳርጎ" ነው፤ ፒክስል 3ኤ ኤክስኤል ግን "ቦኒቶ" ነው። ስማቸው ቢመሳሰልም ፋይላቸው ይለያያል። የፋይሉ ስም ላይ የራሳችሁን ስልክ ስም ካላያችሁ አትጫኑት።

2. የሚጠፋውን አስቀምጡ። ፎቶዎችን ወደ ላፕቶፕ ቅዱ። ስልክ ቁጥሮችን ከኮንታክት አፑ "ኤክስፖርት" አድርጉ። የቴሌግራም መደበኛ መልእክቶች ሰርቨር ላይ ስላሉ ይመለሳሉ፤ ሲክሬት ቻቶቹ ግን አይመለሱም። የማረጋገጫ ኮድ የሚሰጥ አፕ ካላችሁ መጀመሪያ ወደ ሌላ ስልክ አዛውሩት። ይህን የረሳ ሰው ከኢሜይሉ ውጭ ይቀራል። በተጨማሪ የሞባይል ዳታውን ኤፒኤን ቅንብር (ስልኩ በሲሙ ኢንተርኔት የሚያገኝበትን) በፎቶ አንሱት። አዲሱ ሲስተም በራሱ ካላገኘው በእጅ ታስገቡታላችሁ።

3. የጉግል አካውንታችሁን ከስልኩ አውጡ። ካላወጣችሁ ከተጠረገ በኋላ ያ ሁለተኛው ቁልፍ ሊይዛችሁ ይችላል።

4. ስልኩን ወደ እንግሊዝኛ ቀይሩት። ዊኪው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሜኑዎቹን ለማመሳሰል ይቀላችኋል። ስንጨርስ ወደ አማርኛ እንመልሰዋለን።

5. የገንቢ አማራጮችን ክፈቱ። "አባውት ፎን" ውስጥ "ቢልድ ነምበር" የሚለውን 7 ጊዜ ንኩት። ከዚያ "ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ" ይመጣል። እዚያ ውስጥ "ኦኢኤም አንሎኪንግ" እና "ዩኤስቢ ዲበጊንግ" የሚሉትን አብሩ። የመጀመሪያው ቡትሎደሩ እንዲከፈት የስልኩ ባለቤት ፈቃድ ነው። ሁለተኛው ላፕቶፑ ስልኩን እንዲያዝ ይፈቅዳል።

"ኦኢኤም አንሎኪንግ" ደብዝዞ አልነካ ካለ መጀመሪያ ኢንተርኔት አገናኙት። ፒክስል ይህን የሚፈቅደው ከጉግል ጋር ተነጋግሮ ነው። ኢንተርኔት አግኝቶም ካልበራ ስልኩ በጭራሽ አይከፈትም ማለት ሊሆን ይችላል። ስልክ ልትገዙ ስትሄዱ ይህን ደረጃ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሥሩት። ከራሳችሁ ስልክ ሆትስፖት ክፈቱ፣ 7 ጊዜ ንኩ፣ ተመልከቱ። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ብር ከመክፈላችሁ በፊት መልሱን ታውቃላችሁ።

6. ላፕቶፑ ስልኩን ማየቱን አረጋግጡ። ገመዱን ሰክታችሁ፣ ፕላትፎርም ቱልስ ያለበት ፎልደር ውስጥ የትእዛዝ መጻፊያውን (ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት፣ ኡቡንቱ ላይ ተርሚናል) ከፍታችሁ "ኤዲቢ ዲቫይስስ" በሉ። ስልኩ ላይ ፈቃድ የሚጠይቅ መልእክት ይመጣል፤ ፍቀዱ። የስልኩ መለያ ቁጥር ላፕቶፑ ላይ መታየት አለበት። ካልታየ ገመዱን ቀይሩ፣ ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ሞክሩ።

7. ቡትሎደሩን ክፈቱ። "ኤዲቢ ሪቡት ቡትሎደር" ስትሉ ስልኩ ወደ ፋስትቡት፣ ማለትም ሲስተሙ ሳይነሳ ከላፕቶፑ ትእዛዝ ወደሚቀበልበት ሁኔታ፣ ይገባል። ከዚያ "ፋስትቡት ዲቫይስስ" ብላችሁ እንደገና መታየቱን እዩ። አሁን "ፋስትቡት ፍላሺንግ አንሎክ" በሉ። ስልኩ ላይ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። በድምፅ ቁልፉ "አንሎክ" የሚለውን መርጣችሁ በማብሪያው አጽድቁ። ዳታው የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ደረጃ 2ን ያልጨረሰ ሰው እዚህ ይቁም።

ከዚህ በኋላ ስልኩ በተነሳ ቁጥር "ቡትሎደሩ ክፍት ነው" የሚል መልእክት ያሳያል። ብልሽት አይደለም፤ ሁልጊዜም ይኖራል።

8. ሪከቨሪውን ጫኑ። ሪከቨሪ ማለት አዲሱን ሲስተም የሚቀበለው ትንሽ ሲስተም ነው። የፋብሪካው ሪከቨሪ በጉግል ያልተፈረመ ነገር አይቀበልም፤ የምንቀይረውም ለዚህ ነው። ስልኩን ወደ ፋስትቡት መልሱና "ፋስትቡት ፍላሽ ቡት" ብላችሁ የቡት ፋይሉን ስም አስከትሉ። ሌላ ስልክ ላይ "ቡት" በሚለው ቦታ "ሪከቨሪ" ወይም ሌላ ቃል ሊሆን ይችላል፤ የራሳችሁ ገጽ የሚለውን ተከተሉ። ከዚያ በድምፅ ቁልፉ "ሪከቨሪ ሞድ" የሚለውን መርጣችሁ ግቡ።

እዚህ መሃል ገመድ ቢነቀል አትደንግጡ። የተጻፈው ቡት የሚባለው ክፍል እንጂ ራሱ ቡትሎደሩ አይደለም። ተመልሳችሁ ፋስትቡት ገብታችሁ ድገሙት።

9. ዳታውን ጥረጉ። ሪከቨሪው ውስጥ "ፋክተሪ ሪሴት" ከዚያ "ፎርማት ዳታ" የሚለውን ምረጡ። የድሮው ሲስተም ዳታውን በራሱ ቁልፍ አመስጥሮታል። አዲሱ ያንን ሊያነብ አይችልም። ይህን የዘለለ ሰው ስልኩ አርማውን ብቻ እያሳየ ይቀርበታል።

10. ላይነጅ ኦኤስን ላኩ። ሪከቨሪው ላይ "አፕላይ አፕዴት" ከዚያ "አፕላይ ፍሮም ኤዲቢ" በሉ። ላፕቶፑ ላይ "ኤዲቢ ሳይድሎድ" ብላችሁ የዚፑን ስም ጻፉ። ገጻችሁ ከዚህ በፊት "ኮፒ ፓርቲሽንስ" የሚል ፋይል ላኩ ካለ አትዝለሉት። እንደ ፒክስል 3ኤ ያሉ ስልኮች ሲስተሙን የሚያስቀምጡበት ሁለት ቦታ አላቸው፤ ኤ እና ቢ። አንደኛው ላይ ያረጀ ፈርምዌር (የስልኩን ዕቃዎች የሚያንቀሳቅስ የአምራቹ ፕሮግራም) ከቀረ ስልኩ ላይነሳ ይችላል። ያ ፋይል ሁለቱን ያስተካክላቸዋል።

ላፕቶፑ ላይ 47 በመቶ ላይ ቆሞ ሊቀር ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ፈርቶ ገመዱን ይነቅላል። አትንቀሉ። ስልኩ ሥራውን እየቀጠለ ነው። መጨረሱን የምታውቁት ከስልኩ ስክሪን ነው።

11. የጉግል አፖችን ከፈለጋችሁ አሁን ነው። ሲጨርስ ሪከቨሪው እንደገና መነሳት ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። "የስ" በሉ፤ ተመልሶ ሪከቨሪ ይገባል። ምክንያቱም አዲሱ ሲስተም የገባው በሌላኛው ቦታ ላይ ነው፤ ጉግልም መግባት ያለበት እዚያው ነው። ከዚያ ደረጃ 10ን በጉግል ጥቅሉ ድገሙ። "ፊርማው አልተረጋገጠም" የሚል መልእክት ይመጣል። ጥቅሉን ላይነጅ ኦኤስ ስላልፈረመው ነው፤ ከትክክለኛው ቦታ ካወረዳችሁት "የስ" በሉ። ሲስተሙ አንዴ ከተነሳ በኋላ ጉግልን መጨመር ችግር ያመጣል፤ ሐሳባችሁን ቀድማችሁ ወስኑ።

12. "ሪቡት ሲስተም ናው" በሉ። የመጀመሪያው አነሳስ እስከ 15 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ቡና አፍሉ።

ከተነሳ በኋላ

ቋንቋውን ወደ አማርኛ መልሱ። ለአማርኛ ጽሑፍ ኪይማን የሚባለው ክፍት ምንጭ ኪቦርድ አለ፤ የአማርኛ ፊደሉን ውስጡ ታወርዳላችሁ። ሲም ከትታችሁ ደውሉ፣ ዳታ ሞክሩ። ኢንተርኔት እምቢ ካለ በደረጃ 2 ያነሳችሁትን ኤፒኤን አስገቡ።

ሌላው ብዙ የምጠየቀው ነገር፣ ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ስትደውሉ የሚመጣው የአይኤምኢአይ ቁጥር አይቀየርም። ኔትወርኩ ስልኩን የሚያውቀው በእሱ ነው። የጫንነው ሲስተም አይነካውም።

አፕዴት በራሱ በስልኩ በኩል ይመጣል፤ በየሳምንቱ ገደማ። እያንዳንዱ ግን ሙሉ ሲስተሙ ነው፤ አንድ ጊጋባይት አካባቢ። ጥቅላችሁን እንዳይበላው በሞባይል ዳታ አታውርዱት። በወር አንድ ጊዜ ዋይፋይ ስታገኙ አድርጉት። በወር አንዴ ማድረጉን ግን አትተዉት፤ ይህን ሁሉ የለፋነው ለዚያ እድሳት ነው።

ቡትሎደሩ ለማይከፈት ስልክ

ኤፍድሮይድ የሚባለውን የክፍት ምንጭ አፖች መደብር ከራሱ ድረ ገጽ አውርዳችሁ ጫኑ። ስልኩ "ካልታወቀ ምንጭ" ብሎ ይጠይቃል፤ ለብራውዘሩ ፈቃድ ስጡና ኤፍድሮይድ ከተጫነ በኋላ ፈቃዱን መልሳችሁ አንሱ። ፈቃዱ ክፍት ከቀረ ሌላ ፋይልም በዚያው በር ይገባል። ቪኤልሲ፣ ኒውፓይፕና ኦርጋኒክ ማፕስ እዚያ አሉ። ኦርጋኒክ ማፕስ የኢትዮጵያን ካርታ አንዴ ካወረዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ወደ ደባርቅና ስሜን ተራሮች የምትወጡ ሰዎች ይህን ጫኑ።

ስልኩ አብሮት የመጣውን የማይፈለግ አፕ ደግሞ በኤዲቢ ማንሳት ይቻላል። "ፒኤም አንኢንስቶል" የሚለው ትእዛዝ "ዩዘር 0" ከሚለው ጋር ሲጻፍ አፑን ከእናንተ ተጠቃሚ ላይ ብቻ ያነሳዋል። ስልኩን ፋክተሪ ሪሴት ብታደርጉት ይመለሳል፤ ለዚህ ነው ደህና የምለው። ስሙን የማታውቁትን አፕ ግን አትንኩ። አንዱን አንስታችሁ አንድ ቀን ተጠቀሙ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ። ሃያውን በአንዴ ካነሳችሁ ችግሩን ያመጣው የትኛው እንደሆነ አታውቁም።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

"ዌይቲንግ ፎር ዲቫይስ" ብሎ ቆመ። ዊንዶውስ ላይ ፋስትቡት የራሱ ድራይቨር ይፈልጋል። በኤዲቢ ታይቶ በፋስትቡት ላይታይ ይችላል። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ገብታችሁ የጉግሉን ድራይቨር በእጅ ምረጡ። ካልሆነ ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ፣ ቢቻል ዩኤስቢ 2፣ ሞክሩ።

ሳይድሎዱ ገና ሲጀምር ስህተት ሰጠ። ብዙ ጊዜ ፋይሉ ሙሉ አልወረደም። ማውረጃው ገጽ ላይ ከፋይሉ አጠገብ ሻ256 የሚባል ረጅም ቁጥር አለ። የራሳችሁን ፋይል ቁጥር አውጥታችሁ አመሳስሉ። አንድ ፊደል ከተለየ እንደገና አውርዱ። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቀን የወረደ ፋይል ላይ ይህ ደጋግሞ ያጋጥማል።

አርማው ብቻ ይሽከረከራል፣ ከ15 ደቂቃም አለፈ። ሪከቨሪ ገብታችሁ ደረጃ 9ን ድገሙ። ካልሆነ ገጹ የሚጠይቀው የፋብሪካ አንድሮይድ ስልኩ ላይ ነበረ ወይ የሚለውን እዩ። ካልነበረ ያወረዳችሁትን የፋብሪካ ሲስተም መልሳችሁ ጫኑ፤ ከደረጃ 5 ጀምሩ።

"ስልኩን ልሽጠው፣ ቡትሎደሩን መልሼ ልቆልፍ" ያሉ ሰዎች ላይነጅ ኦኤስ እንዳለ ቆልፈውት ስልኩ ጨርሶ እምቢ ብሏቸዋል። የተቆለፈ ቡትሎደር የአምራቹን ፊርማ ይፈልጋል፤ ላይነጅ ኦኤስ ያ ፊርማ የለውም። መቆለፍ ካለበት መጀመሪያ የፋብሪካውን ሲስተም በሙሉ መልሱ። በደንብ ተነስቶ ቅንብሮቹ ውስጥ መግባታችሁን እዩ። "ኦኢኤም አንሎኪንግ" እንደበራ ተዉት። ከዚያ በኋላ ብቻ ቆልፉት።